እውነተኛ ሚዛን፤ የፍሎረንስ ናይቲንጌል የሕይወት ታሪክ

አንባቢ ሆይ፤ መልካም ሥራ ሠርተህ ሰዎች ባመሰገኑህ ጊዜ ያንኑ ሥራህን እንደ ገና በሚዛን ላይ ለማኖር ትደፍራለህን? ሰው በክፉ ሥራው ሲከሰስ መመርመሩ የተለመደ ነው፤ በበጎ ሥራው ሲመሰገን ራሱን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በዚህች ትንሽ ጽሑፍ የአንዲት ሴት ታሪክ እንነግርሃለን። ስሟን ሰምተህ ይሆናል፤ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ትባላለች። በሌሊት ፋኖስ ይዛ በቍስለኞች መካከል ስትዘዋወር የሚያሳየው ሥዕሏ በብዙ መጻሕፍት ይገኛል። እኛ ግን ከፋኖሷ ይልቅ ስለ መዝገቧ እንነግርሃለን፤ በፋኖሷ የሌሎችን ቍስል አየች፥ በመዝገቧ ግን የገዛ ቤቷን ጕድለት አይታለችና። በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ፍሎረንስ የተወለደችው በ1820 ዓ. ም. በሜይ ወር በ12ኛው ቀን ነው። አባትና እናቷ ባለጸጎች እንግሊዛውያን ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ በኢጣልያ አገር ይጓዙ ነበርና ሕፃኒቱን በተወለደችበት ከተማ ስም ሰየሟት። አባቷ ዊልያም ናይቲንጌል የተማረ ሰው ስለ ነበረ ሴቶች ልጆቹን እርሱ ራሱ የግሪክንና የላቲንን ቋንቋ፥ ታሪክንና ፍልስፍናን አስተማራቸው። ፍሎረንስ ግን የቍጥርን ትምህርት እጅግ ወደደች። በዚያ ዘመን ሒሳብ ለሴት ልጅ የሚያስፈልግ ትምህርት አይመስልም ነበር፤ እርስዋ ግን አልተወችውም።

ዕድሜዋ 16 ዓመት ሲሆን፥ በ1837 ዓ. ም. በፌብሩዋሪ 7 ቀን፥ እግዚአብሔር ለአገልግሎቱ እንደ ጠራት በልቧ ተረዳች። አገልግሎቱ ምን እንደ ሆነ ግን ገና አላወቀችም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሽተኞችን ማስታመም መሆኑን ተረድታ ለቤተ ሰቦቿ በነገረቻቸው ጊዜ እጅግ ደነገጡ። መደንገጣቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች የድኾች መጠጊያ ነበሩ፤ ባለጸጋ ሰው ሲታመም ሐኪሙን ወደ ቤቱ ያስጠራል እንጂ ወደዚያ አይሄድም። ክፍሎቹ የተጨናነቁና ሽታቸው የከፋ ነበረ፤ ከአስታማሚዎቹም ብዙዎቹ ትምህርት የሌላቸው፥ በመጠጥም የሚታሙ ነበሩ። የባለጸጋ ልጅ እንዲህ ወዳለ ስፍራ መግባቷ ለቤተ ሰቡ እንደ ውርደት ተቈጠረ።

እርስዋም ብዙ ዓመት ታገሠች፤ ነገር ግን ጊዜዋን በከንቱ አላሳለፈችም። የቤቱ ሰዎች ተኝተው ሳሉ ገና ሳይነጋ ትነሣና በሻማ ብርሃን ስለ ሐኪም ቤቶችና ስለ ሕዝብ ጤና የተጻፉትን የመንግሥት መዛግብት ታነብብ ነበር። ያነበበችውንም በማስታወሻዋ ትጽፈው ነበር። በ1851 ዓ. ም. ወደ ጀርመን አገር ሄዳ በካይዘርስቬርት ባለው የዲያቆናውያት ቤት ሦስት ወር ያህል የማስታመምን ሥራ ተማረች። በ1853 ዓ. ም. ደግሞ በሎንዶን ለታመሙ ሴቶች የተቋቋመ አንድ ትንሽ ሐኪም ቤት እንድታስተዳድር ተሾመች፤ ያለ ደመወዝም አገለገለች።

በዚያው ዓመት በሩስያና በቱርክ መካከል ጦርነት ተነሣ፤ በ1854 ዓ. ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ ከቱርክ ጋር ሆነው ገቡበት። የእንግሊዝ ጦር በጥቍር ባሕር ዳር ባለው በክሪሚያ ምድር ይዋጋ ነበር፤ ቍስለኞቹና በሽተኞቹ ግን በመርከብ ተጭነው፥ ዛሬ ኢስታንቡል በምትባለው በቍስጥንጥንያ ፊት ለፊት ወዳለችው ወደ ስኩታሪ ይወሰዱ ነበር። በዚያም ለቱርክ ወታደሮች ማደሪያ ተሠርቶ የነበረ አንድ ታላቅ ሕንጻ ሐኪም ቤት ተደርጎ ነበር። የጋዜጣ ጸሐፊዎች ወታደሮቹ ፋሻና አስታማሚ አጥተው እንደሚሠቃዩ በጻፉ ጊዜ የእንግሊዝ ሕዝብ ተቈጣ። በጦር ጉዳይ ሹም የነበረው ሲድኒ ኸርበርትም ፍሎረንስን ያውቃት ነበርና አስታማሚዎችን ይዛ እንድትሄድ ለመናት። እርስዋም 38 ሴቶችን ይዛ በኦክቶበር 21 ቀን ተነሣች፤ በኖቬምበር 4 ቀንም ስኩታሪ ደረሰች።

ከዚያ ያገኘችውን ነገር ለመናገር ያስቸግራል። በሽተኞቹ በመተላለፊያው ሁሉ ተደርድረው ተኝተው ነበር፤ ልብሳቸው በደምና በቅማል ተበላሽቶ ነበር፤ ማጠቢያ፥ ሳሙና፥ ማንኪያ እንኳ አልተገኘም። እርስዋም በእጅዋ ባለው ገንዘብና ሕዝብ ባዋጣው ርዳታ ሸሚዝና ብሩሽ ገዛች፤ የወጥ ቤት አቋቋመች፤ የልብስ ማጠቢያ ቤት ተከራየች፤ ለሚሞቱት ወታደሮች ወደ እናቶቻቸው ደብዳቤ ጻፈች። ሌሊት ፋኖስ ይዛ በአልጋዎቹ መካከል ታልፍ ነበር። ወታደሮቹም እጅግ ወደዷት፤ ዝናዋም በእንግሊዝ አገር ሁሉ ተሰማ።

አንባቢ ሆይ፤ ብዙዎች የሚጽፉት ታሪክ ከዚህ ላይ ያበቃል። እኛ ግን አንድ ጥያቄ እንጠይቅሃለን፤ በዚያ ክረምት ወታደሮቹ ዳኑን? አልዳኑም። አስታማሚዎቹ ሌት ተቀን ሲደክሙ ሞት እየበዛ ሄደ። በ1855 ዓ. ም. በፌብሩዋሪ ወር በስኩታሪ ከታከሙት በሽተኞች ከመቶ 42 ያህሉ ሞቱ። ከሞቱትም የሚበዙት በጥይትና በሰይፍ የቈሰሉት አይደሉም፤ በኮሌራ፥ በተስቦና በተቅማጥ የሞቱ ናቸው። በጦርነቱ ዘመን ሁሉ ከእንግሊዝ ሠራዊት በውጊያና በቍስል የሞቱት ከ5 ሺህ በታች ሲሆኑ በበሽታ የሞቱት 16 ሺህ ያህል ነበሩ።

በማርች ወር 1855 ዓ. ም. የእንግሊዝ መንግሥት የንጽሕናን ነገር የሚመረምሩ ሰዎች ወደ ስኩታሪ ላከ። ከእነርሱም ሐኪሙ ጆን ሰዘርላንድና መሐንዲሱ ሮበርት ሮሊንሰን ይገኙ ነበር። እነርሱም ሕንጻውን ከላይ እስከ ታች መረመሩት፤ በውጭ የሚያምረው ያ ትልቅ ቤት በቈሻሻ መውረጃ ቦዮች ላይ እንደ ተሠራ፥ ቦዮቹም እንደ ተደፈኑ፥ ክፉውም ሽታ ወደ በሽተኞቹ ክፍል እንደሚገባ አገኙ። ወደ ሐኪም ቤቱ የሚመጣው ውኃ በሞተ ፈረስ በድን ላይ አልፎ ይመጣ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ500 ጋሪ የሚበልጥ ቈሻሻ አስወጡ፤ ቦዮቹን አጠቡ፤ ግድግዳውን በኖራ አስቀቡ፤ ንጹሕ አየር እንዲገባ መስኮቶችን አስከፈቱ። ከዚህም በኋላ ሞት ቀነሰ፤ በጁን ወር ከታከሙት ከመቶ 2 ያህል ብቻ ሞቱ።

በዚያን ጊዜ ፍሎረንስ የዚህን ነገር ትርጕም ገና በሙሉ አልተረዳችም ነበር። ወታደሮቹ የሞቱት በርኃብና በብርድ በጣም ከደከሙ በኋላ ወደ እርስዋ ስለ ደረሱ ይመስላት ነበር። በ1856 ዓ. ም. በኦገስት ወር ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ሕዝቡም በሰልፍ ሊቀበላት ሲያስብ በሥውር ገባች። በሴፕቴምበር ወር ንግሥት ቪክቶሪያ በባልሞራል ተቀብለው አነጋገሯት፤ እርስዋም ለራስዋ ምንም አልለመነችም፤ የሠራዊቱን ጤና የሚመረምር ጉባኤ እንዲቋቋም ለመነች እንጂ።

በዚህም ጊዜ ዊልያም ፋር ከሚባል ሰው ጋር ተዋወቀች። ይህ ሰው ከድኻ ቤት የተወለደ ሲሆን በትምህርቱ ሐኪም ሆኖ በመንግሥት የልደትና የሞት መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር፤ በየከተማው ሰዎች በምን በሽታና በስንት ዓመታቸው እንደ ሞቱ እየቈጠረ ያነጻጽር ነበር። ሁለቱ የሠራዊቱን መዛግብት ገልጠው መመርመር ጀመሩ። መዛግብቱም እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ነበሩ፤ አንዱ ጽሕፈት ቤት የጻፈው የሙታን ቍጥር ሌላው ከጻፈው ይለይ ነበር። እነርሱም በብዙ ድካም አስተካክለው ወሩን ከወሩ፥ ሐኪም ቤቱን ከሐኪም ቤቱ ጋር አነጻጸሩ።

የተገኘውም ነገር ከባድ ነበረ። በክሪሚያ ጦር ሰፈር ውስጥ በድንኳንና በጎጆ ከታከሙት ይልቅ፥ በመርከብ ተጭነው ወደ ስኩታሪ ትልቅ ቤት ከመጡት ብዙ ሰዎች ሞተው ተገኙ። ሞትም የቀነሰው ስንቅና ልብስ በመጣ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ቦዮቹ በተጠቡና አየሩ በጠራ ጊዜ ነው እንጂ። እንግዲህ አስብ፤ ይህች ሴት ስለ ስኩታሪ ሥራዋ በአገሩ ሁሉ ትመሰገን ነበር፤ ቍጥሩ ግን እርስዋ ሌት ተቀን የደከመችበት ቤት ራሱ ገዳይ እንደ ነበረ መሰከረ። ቈሻሻውን አላከማቸችም፤ ሕንጻውንም አልመረጠችም፤ ነገር ግን በዚያ ክረምት የሞት ምክንያት በእግሯ በታች ሳለ አላወቀችውም ነበር።

በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ባደረገ? ዝም ቢል ማን ይከሰው ነበር? ምስጋናውን ይዞ መዝገቡን መዝጋት ይችል ነበር። እርስዋ ግን ያገኘችውን ሁሉ ጽፋ በ1858 ዓ. ም. ብዙ መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ አድርጋ በገዛ ገንዘቧ አሳተመችው፤ ለሹማምንትና ለሐኪሞችም ላከችው። የቍጥር ዓምድ ማንበብ ለሚሰለቻቸውም ሰዎች ሥዕል ሠራችላቸው። ክብ ነገር በአሥራ ሁለት ወራት ተከፍሎ፥ የእያንዳንዱ ወር ስፋት እንደ ሙታኑ ብዛት ሆኖ፥ መከላከል በሚቻል በሽታ የሞቱት በሰማያዊ፥ በቍስል የሞቱት በቀይ፥ በሌላ ምክንያት የሞቱት በጥቍር ቀለም ተለይተው ታዩ። ሥዕሉንም ያየ ሰው ሰማያዊው ቀዩን እንደ ዋጠው ወዲያው ይረዳ ነበር። በዚያው ዓመት የሎንዶን የስታቲስቲክ ማኅበር ከአባሎቹ መካከል አንዷ አድርጎ ተቀበላት፤ ሴት ስትገባ እርስዋ የመጀመሪያዋ ነበረች።

ደግሞም በሰላም ጊዜ በአገራቸው ሰፈር የሚኖሩትን ወታደሮች በአንድ ዕድሜ ካሉት ከሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጸረች። ከሌላው ሕዝብ በዓመት ከሺህ 11 ያህል ሲሞቱ ከእግረኛው ጦር 17፥ ከመድፈኛው 19፥ ከንጉሣዊው ዘብ 20 ይሞቱ ነበር። ወታደር ሲመለመል ጤነኛው ይመረጣል፤ ስለዚህ ከሌላው ሰው ያነሰ ሊሞት ይገባው ነበር። በሰፈሩ ጠባብነትና በአየሩ መበላሸት ግን አብዝቶ ሞተ። ይህ ከተገለጠ በኋላ ሰፈሮቹ ተሻሻሉ፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ በአገር ያለው ወታደር ሞት በግማሽ ያህል ቀነሰ።

ከሠራዊቱም በኋላ ዓይኗን ወደ ሎንዶን ሆስፒታሎች መለሰች። እያንዳንዱ ሆስፒታል የራሱን መዝገብ በራሱ ልማድ ይጽፍ ነበር፤ የበሽታው ስም እንኳ ከቤት ወደ ቤት ይለያይ ነበር። ስለዚህ የትኛው ቤት እንደሚፈውስ፥ የትኛው እንደሚገድል ማወቅ አልተቻለም። የሚሰጡት ምጽዋት ቢያድን ወይም ቢገድል ምጽዋት ሰጪዎቹ አያውቁም ነበር። እርስዋም ለሁሉ አንድ ዓይነት የሚሆን ቅጽ አዘጋጀች። በዚያም ቅጽ በዓመቱ መጀመሪያ የነበሩት በሽተኞች፥ በዓመቱ ውስጥ የገቡት፥ ድነው ወይም ተሽሏቸው የወጡት፥ ሳይሻላቸው ወይም የማይድኑ ተብለው የወጡት፥ የሞቱት፥ በዓመቱም መጨረሻ የቀሩት፥ እያንዳንዱም ስንት ቀን እንደ ተኛ፥ ከዕድሜው፥ ወንድ ወይም ሴት ከመሆኑና ከበሽታው ዓይነት ጋር ይጻፍ ነበር።

የቅጹን ጥበብ ተመልከት። ሳይሻላቸው የወጡት የሚጻፉበት ዓምድ ባይኖር ኖሮ አንድ ሆስፒታል የሚሞተውን ሰው ከመሞቱ በፊት ወደ ቤቱ ሰድዶ፥ በእኔ ዘንድ የሞተ የለም ብሎ ሊመካ ይችል ነበር። የተኙበት ቀን ባይቈጠር ኖሮ አንዱ በሳምንት የሚፈውሰውን ሌላው በሦስት ወር ቢፈውስ ልዩነቱ አይታይም ነበር። በ1860 ዓ. ም. በሎንዶን የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የስታቲስቲክ ጉባኤ ይህን ሐሳብ ተቀበለው፤ አንዳንድ የሎንዶን ሆስፒታሎችም ቅጹን መሙላት ጀመሩ። ነገር ግን ሥራው አድካሚ፥ የበሽታዎቹም ዝርዝር ውስብስብ ስለ ነበረ ብዙ ሳይቈይ ተተወ። የተዘራው ዘር ግን አልጠፋም።

አሁን ደግሞ ስለ ስሕተቷ እንነግርሃለን፤ ስለ ሚዛን እየጻፍን የእርስዋን ጕድለት ብንሸሽግ እኛ ራሳችን ሐሰተኞች እንሆናለንና። በ1863 ዓ. ም. ስለ ሆስፒታሎች የጻፈችውን መጽሐፍ ለሦስተኛ ጊዜ ስታሳትም ዊልያም ፋር ያወጣውን አንድ ሠንጠረዥ አስገባችበት። በእርሱም በ24 የሎንዶን ሆስፒታሎች ከ4214 በሽተኞች 3828 እንደ ሞቱ፥ ይኸውም ከመቶ 90 እንደሚሆን ተጽፎ ነበር፤ በጠቅላይ ግዛት ከተሞች ባሉት 25 ሆስፒታሎች ግን ከመቶ 39 ብቻ ነበረ። የሎንዶን ሐኪሞች ይህን ባዩ ጊዜ ተቈጡ፤ በሕክምና ጋዜጦችም ተቃወሙት።

ቍጣቸው በቂ ምክንያት ነበረው። 4214 የተባሉት በ1861 ዓ. ም. በኤፕሪል ወር በአንድ ቀን በአልጋ ላይ የተገኙት ብቻ ነበሩ፤ 3828 የተባሉት ግን ዓመቱን ሙሉ የሞቱት ነበሩ። የዚህን ስሕተት በምሳሌ ተረዳው። በአንድ ሆስፒታል በአንዲት አልጋ ላይ በዓመት ውስጥ 12 ሰዎች ተራ በተራ ተኝተው 11 ቢድኑና አንዱ ቢሞት፥ በሌላ ሆስፒታል ደግሞ በአንዲት አልጋ ላይ በዓመት ሁለት ሰዎች ብቻ ተኝተው አንዱ ቢድንና አንዱ ቢሞት፥ ይህ አቈጣጠር ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል፤ በሁለቱም ዘንድ አንድ አልጋና አንድ ሞት አለና። ነገር ግን የመጀመሪያው ከ12 አንድ፥ ሁለተኛው ከሁለት አንድ አጥቶአል። ደግሞም በትልቅ ከተማ ያለ ሆስፒታል ከጋሪ በታች የተፈጨውንና ከመሰላል የወደቀውን ሁሉ ይቀበላል፤ ከሌሎቹ አንዳንዶቹ ግን በደንባቸው ብርቱ ንዳድ ያለበትን በሽተኛ አይቀበሉም ነበር። የከበደውን የሚሸከመው ቀላሉን ከሚሸከመው ጋር እንዲሁ ቢመዘን ፍርድ ይጣመማል።

ፍሎረንስ ራስዋ የበሽተኛው ዕድሜና የበሽታው ክብደት ሳይታይ የሙታን ቍጥር ብቻውን እንደማይበቃ በዚያው መጽሐፍ አስተምራ ነበር። እንግዲህ የምታስተምረውን የምታውቅ ሴት እንኳ በዚህ ተሰናክላለች። ከዚህም ሁለት ነገር ተማር። አንደኛው፥ መቍጠር ብቻውን እውነት አይደለም፤ ምን በምን ላይ እንደ ተቈጠረ መጠየቅ ይገባል። ሁለተኛው፥ ሚዛን ያዥ የሆነ ሰውም ሌላ ሚዛን ያስፈልገዋል፤ የሎንዶን ሐኪሞች ተቃውሞ ለአንባቢዎች ሁሉ ጠቀመ እንጂ አልጐዳም።

ነገር ግን የልቧ ቅንነት ከሁሉ ይልቅ የተገለጠበትን ነገር ስማ። በጦርነቱ ጊዜ ሕዝቡ ለክብሯ ገንዘብ አዋጥቶ ነበር፤ እርስዋም በዚህ ገንዘብ በ1860 ዓ. ም. በሎንዶን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት እንዲከፈት አደረገች። ከዚያው ገንዘብ ደግሞ በኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል አዋላጆች የሚማሩበት የወላዶች ክፍል ተከፈተ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ድኾች እናቶች ያለ ዋጋ ይወልዱበታል፥ የተማሩትም አዋላጆች ወደ ገጠር ይሄዳሉ ተብሎ ታስቦ ነበር። ነገር ግን በክፍሉ የአራስ ትኩሳት ገባ። ቍጥሩ ሲታይ በዚያ ክፍል ከወለዱት ከሺህ 33 ያህል እናቶች ሞተው ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ሁሉ ግን፥ ብዙዎቹ በድኻ ቤት የሚወልዱ ሲሆኑ፥ ከሺህ 5 ያህል ብቻ ይሞቱ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ ክፍል በስሟ በተሰበሰበ ገንዘብ የተሠራ ነበር። ለብዙ ዓመት ያሰበችው ሥራ ነበር። ምክንያት መፈለግ ትችል ነበር፤ የመጡት እናቶች ደካሞች ነበሩ፥ ዓመቱ ክፉ ነበር ልትል ትችል ነበር። ነገር ግን በ1867 ዓ. ም. ክፍሉ ተዘጋ፤ ዳግመኛም አልተከፈተም። እርስዋም ነገሩን በዝምታ አላለፈችውም፤ ከልዩ ልዩ አገር የወላዶች ቤቶች መዝገብ ሰብስባ እያነጻጸረች፥ የራስዋንም ክፍል ከእነርሱ ጋር ቈጥራ በ1871 ዓ. ም. መጽሐፍ አወጣች። ሌሎችን በመዘነችበት ሚዛን ራስዋን መዘነች፤ ቀሎም ባገኘችው ጊዜ ሚዛኑን አልሰበረችም፤ በሩን ዘጋች እንጂ።

ዛሬ እንደምናውቀው ይህን ትኩሳት የሚያመጡት በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው፤ ካልታጠበ እጅና ከረከሰ መሣሪያ ወደ እናቲቱ ይገባሉ። ፍሎረንስ ብዙ ዘመን የበሽታ ምክንያት የተበላሸ አየር ይመስላት ነበር፤ በዚህ አልተሳካላትም። ነገር ግን ምክንያቱን በትክክል ሳታውቅ እንኳ እውነተኛ ቍጥር ወደ ቀናው መንገድ መራት፤ የሚገድለውን ቤት ከማያስገድለው ለይቶ አሳያት።

እርስዋ ራስዋ በጦርነቱ ሳለች በያዛት ትኩሳት ጤናዋ ተበላሽቶ ነበር፤ ከ1857 ዓ. ም. ጀምሮ ብዙውን ዘመን በክፍሏና በአልጋዋ ላይ አሳለፈች። በዚያው ሆና ደብዳቤ ትጽፍ፥ መዝገብ ትመረምር፥ ሹማምንትን ትመክር ነበር። በእርጅናዋ ዓይኗ ጠፋ። በ1907 ዓ. ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ታላቁን የክብር ኒሻን ሰጧት፤ ይህን ኒሻን ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ተቀበለች። በ1910 ዓ. ም. በኦገስት 13 ቀን በተወለደች በ90 ዓመቷ ዐረፈች። በነገሥታትና በታላላቅ ሰዎች መቃብር በዌስትሚኒስተር እንድትቀበር ተጠይቆ ነበር፤ ቤተ ሰቦቿ ግን ፈቃዷን አውቀው በገጠር ቤተ ክርስቲያን ከወላጆቿ ጋር ቀበሯት። በድንጋዩም ላይ የስሟ ሁለት ፊደሎችና የተወለደችበት፥ የሞተችበትም ቀንና ዓመት ብቻ ተጻፉ።

በዛሬው ዘመን በብዙ አገር ሆስፒታሎች የሞተውን፥ የዳነውን፥ በሆስፒታሉ ውስጥ ሌላ በሽታ የያዘውን ይቈጥራሉ፤ የበሽተኛውን ዕድሜና የበሽታውን ክብደት እየገመቱም አንዱን ቤት ከሌላው ጋር ያነጻጽራሉ። ዛሬም ግን ያው ፈተና አለ፤ ቍጥሩ መልካም እንዲመስል ከባዱን በሽተኛ አልቀበልም የሚል፥ ጕድለቱ ሲገለጥ መዝገቡን የሚሸሽግ አይጠፋም። መድኃኒቱም ያው ነው፤ እውነተኛ ልብ።

አንተስ ወዳጄ? ሐኪም ላትሆን ትችላለህ። ነገር ግን ነጋዴ ብትሆን ሚዛን በእጅህ አለ፤ መምህር ብትሆን ተማሪዎችህ ምን እንደ ተማሩ የምታውቅበት ፈተና አለህ፤ የቤተ ሰብ አባት ብትሆን ልጆችህ በፊትህ ናቸው፤ ተማሪም ብትሆን ያለፈው ወር ትጋትህ ተቈጥሮ ይታያል። ብዙ ደክሜአለሁ ማለት ለሰው ይቀለዋል፤ ድካሜ ማንን ጠቀመ ብሎ መጠየቅ ግን ይከብደዋል። የደከመው ሰው ሁሉ ጠቅሞ አይደለምና፤ ፍሎረንስም በስኩታሪ ክረምት ከደከመችው በላይ የደከመ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ መብራትህን ከማጥፋትህ በፊት የሥራህን መዝገብ ግለጥ። የባልንጀራህን ጕድለት በምትቈጥርበት ቍጥር የራስህን ቍጠር፤ ከባዱን ሸክም የተሸከመውንም በቀላሉ ሰው ልክ አትፍረድበት። ሚዛኑ ቀላል ሆነህ ቢያገኝህ አትቈጣው፤ መዘጋት የሚገባውን በር ዝጋ፥ መጠረግ የሚገባውን ቦይ ጥረግ። በዚህ ክረምት ያልዳነው ሰው በሚመጣው ክረምት ይድን ዘንድ።